ታንግ ዓሣ ለምን ይጣላል? ጠቡስ እንዴት ይበርዳል?

በጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ ገንዳ) ውስጥ ለወራት በሰላም ሲኖር የነበረ ታንግ አዲስ ዓሣ በገባበት ቀን ሌላ ፍጡር ይሆናል። የጀርባ ክንፉን ገትሮ ይከተለዋል፤ ጥግ ያስይዘዋል፤ ዞሮ በጭራው ይመታዋል። በማግሥቱ አዲሱ ዓሣ ጎኑ ተሰንጥቆ ከማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ ይገኛል። ባለቤቱ ወይ «ይሄ ዓሣ ጠባዩ ክፉ ነው» ብሎ ይደመድማል፣ ወይ «ይለማመዳሉ» ብሎ ይተዋቸዋል። ሁለቱም መንገድ ዓሣ ያስከፍላል።

ታንግ የሚጣላው ግጦሹን ሲጠብቅ ነው። ቦታው፣ ምግቡና ዓሦቹ የሚገቡበት ተራ ሲስተካከል ጠቡም ይበርዳል። ሐዋሳ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም ለሚይዝ ሰው ደግሞ በባሕር ዳርቻ አገሮች በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ብዙም የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ የከተማዋ ከፍታ። እሱን ኋላ እንመለስበታለን።

ታንግ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ታንጎች አካንቱሪዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ የባሕር ዓሦች ናቸው፤ ከ80 በላይ ዝርያ አላቸው። «ቀዶ ሐኪም ዓሣ» የሚል ስምም አላቸው። ምክንያቱ ከጭራቸው ግርጌ በግራና በቀኝ ያለው ስለታም እሾህ ነው። በአብዛኞቹ ዘንድ እሾሁ ታጥፎ በጎድጎዱ ውስጥ ይተኛል፤ ዓሣው ሲቆጣና ጭራውን ሲያጥፍ ይወጣል። ናሶ የሚባሉት ግን በየጎኑ ሁለት ሁለት የማይታጠፍ እሾህ አላቸው። የታንግ አፍ ድንጋይ ላይ አልጌ ለመፋቅ የተሠራ ትንሽ አፍ ስለሆነ ንክሻው ያን ያህል አይጎዳም። ጉዳት የሚያደርሰው በጭራው በኩል ነው። ሁለት ታንጎች ጎን ለጎን ቆመው ጭራቸውን እርስ በርስ ሲያዞሩ ካዩ፣ ጨዋታ እንዳይመስልዎ።

በአኳሪየም ውስጥ ከሚታወቁት መካከል ሐምራዊ ታንግና ሶሃል ታንግ የቀይ ባሕር ልጆች ናቸው። ቢጫው ታንግ በብዛት የሚገኘው ሃዋይ ነው። ቢጫ ታንግን ከዕንቁላል አንስቶ በሰው እጅ ማሳደግ የተቻለው በ2015 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ለገበያ ይቀርብ የነበረው ከባሕር የተያዘ ነበር። ምርጫ ካለ በሰው እጅ ያደገውን መውሰድ ይሻላል፤ የተዘጋጀ ምግብ መብላት ለምዶ ይመጣል።

ታዲያ ለምን ይጣላል?

ታንግ ቀኑን ሙሉ ይግጣል። በኮራል ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌ ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ሶሃልና ክላውን ታንግን የመሳሰሉት ማዕበል የሚሰበርበትን፣ አልጌው የሚለመልምበትን ድንጋይ ይይዙና ሌላ አልጌ በል ዓሣ ዝር እንዳይል ያባርራሉ። በባሕር ውስጥ ማባረሩ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው፤ ተባራሪው ጥቂት ሜትር ዋኝቶ ከድንበሩ ይወጣል፣ ባለ ድንበሩም ወደ ግጦሹ ይመለሳል።

አኳሪየም ውስጥ ግን ከድንበር መውጫ የለም። ገንዳው 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የነባሩ ግዛት ነው። ተባራሪው የትም ቢሄድ አሁንም ድንበር ጥሶ እንደቆመ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ማሳደዱ አይቆምም። «ባሕር ውስጥ አብረው ይኖሩ የለም ወይ?» የሚለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ታንግ ሁሉንም ዓሣ እኩል አይጠላም። ዒላማው የእሱን ምግብ የሚበላ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ እሱን የሚመስልና ከእሱ በኋላ የገባ ዓሣ ነው። ሦስቱን ባንድ ላይ ያሟላ ዓሣ፣ ለምሳሌ ነባር ሐምራዊ ታንግ ባለበት ገንዳ ውስጥ ኋላ የሚገባ ቢጫ ታንግ፣ ከባድ አደጋ ላይ ነው፤ ሁለቱ አንድ ወገን (ዜብራሶማ) ናቸው፤ ቅርጻቸውም አንድ ነው። ክላውንፊሽ ወይም ጎቢ (ሌላ ዓይነት ትናንሽ ዓሦች) ግን አጠገቡ ቢያልፍ ታንጉ ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

ዶሮ ያረባ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አዲስ ዶሮ በጠራራ ፀሐይ ከነባሮቹ መሐል ከተለቀቀች በመንቆር ይወጓታል፤ ማታ ቆጥ ላይ ስትቀላቀል ግን የጠዋቱ ግርግር ይቀንሳል። የታንግም አገባብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የትኛው ታንግ ኃይለኛ ነው? ምን ያህል ገንዳስ ይፈልጋል?

ኮሌና ቶሚኒ ታንግ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የሚቀሩና በአንጻራዊነት ለስላሳ ናቸው። ቢጫው መካከለኛ ነው። ሐምራዊው ኃይለኛ ነው። ሶሃልና ክላውን ታንግ ደግሞ ገንዳውን ጠቅልለው የሚይዙ ናቸው፤ ሶሃል እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሲያድግ ጽዳት የሚሠራ እጅን እንኳ ያጠቃል። ሰማያዊው ታንግ (ሄፓቱስ) ሲሸጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይደርሳል። ናሶ ጠበኛ አይደለም፤ ቁመቱ ግን ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

ከሊትሩ ይልቅ ርዝመቱን ይመልከቱ፤ ታንግ ረጅም ርቀት የሚዋኝ ዓሣ ነው። ለአንድ ኮሌ ወይም ለአንድ ቢጫ ታንግ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 300 ሊትር አካባቢ ዝቅተኛው ነው። ለሐምራዊው 150 ሴንቲ ሜትርና ከ400 ሊትር በላይ፣ ለሄፓቱስ፣ ለናሶና ለሶሃል ደግሞ ከ180 ሴንቲ ሜትርና ከ700 ሊትር የማያንስ ያስፈልጋል። በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ታንግ የሚያስገባ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቢያደርግም ጠቡን አያቆመውም። ቁርጡን መናገር ይሻላል።

የድንጋይ አደራደሩም የገንዳው ስፋት አካል ነው። ድንጋዩን ከኋላ መስታወት አስጠግቶ እንደ ግንብ መደርደር መዋኛውን በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ክምሮች ይሥሩ፤ ከመስታወቱ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፣ ዓሣው ዙሪያውን መዞር እንዲችል። ዋሻዎቹ ሁለት አፍ ይኑራቸው። አንድ አፍ ያለው ዋሻ ለተባራሪ ዓሣ መደበቂያ ሳይሆን ወጥመድ ነው፤ ኃይለኛው አፉ ላይ ቆሞ በጭራው ሊያደቀው ይችላል።

በምን ተራ ይግቡ?

ለስላሳው መጀመሪያ፣ ኃይለኛው መጨረሻ። ከአንድ በላይ ታንግ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ይህችን ብቻ ቢይዝ ግማሹን ችግር ይገላገላል። ኮሌ መጀመሪያ ገብቶ ጥቂት ወራት ከተቀመጠ በኋላ ቢጫው ሲገባ፣ ቢጫው በሰው ቤት እንግዳ ነው፤ ኃይሉን ወዲያው አያወጣም። ሶሃልን መጀመሪያ አስገብቶ ሌላ ታንግ ለመጨመር መሞከር ግን ገንዘብን ወደ ውሃ መጣል ነው።

አንድ ወገን የሆኑ ታንጎችን መያዝ የግድ ከሆነ ባንድ ቀን ባንድ ላይ ይግቡ፤ ማንም ነባር አይሆንም። የመጠን ልዩነት ይኑራቸው፣ እኩል የሆኑት ማን የበላይ እንደሆነ ለመለየት ረጅም ጊዜ ይጣላሉ። በጣም ሰፊ ገንዳ ውስጥ ቢጫ ታንግን ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አድርጎ መያዝ ጠቡን ያከፋፍለዋል፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ሁልጊዜ ተመቺ ይሆናል። ብዙ ዓሣ ባንድ ጊዜ ሲገባ ግን ቆሻሻውን የሚፈጩት ባክቴሪያዎች አይደርሱበትም። ለመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያን (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) በየቀኑ ይለኩ፤ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት።

«ኃይለኛውን የሚገራ ትልቅ ዓሣ ልጨምር» የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። ውጤቱ ሁለት ጠበኛ ነው።

አዲሱን ዓሣ እንዴት ላስገባ?

ሥራው የሚጀምረው በለይቶ ማቆያ ነው። ከ75 እስከ 100 ሊትር በሚሆን የተለየ ገንዳ ውስጥ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት። ታንግ ነጭ ነጠብጣብ በሚያወጣው ክሪፕቶካርዮን በተባለ ጥገኛ ተውሳክ በቀላሉ ይያዛል፤ በመባረር የደከመ ታንግ ደግሞ የበለጠ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻውን ዓሣውን ያዳክመዋል። በማቆያው በልቶ ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጀርባው ያልሰረጎደ ዓሣ የመጀመሪያዎቹን የጠብ ቀናት ይቋቋማል። ተርቦ የገባ አይቋቋምም።

ከዚያ ቀጥሎ የመላመጃ ሳጥን ነው። ሠላሳ በሃያ በሃያ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን በቂ ነው፤ አዲሱ ዓሣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሳጥኑም ይጨምር። በየጎኑ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች በሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ይብሱ፤ ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ፣ ካልሆነ ዓሣውን ይልጠዋል። አፉ ከውሃው በላይ ወጥቶ በገንዳው ጠርዝ ላይ ይንጠልጠል፣ ክዳንም ይኑረው። ቦታው ፓምፑ ውሃ የሚያንቀሳቅስበት ይሁን፤ ነባሩ ታንግ የሚያድርበት ዋሻ አጠገብ ግን አይሁን። እዚያ ከሆነ ቁጣው በሳጥኑ ምክንያት ይባባሳል።

ዓሣው በሳጥኑ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ነባሩ በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን እየዞረ ይመታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ሁለት ነገር ይሟላ፦ አዲሱ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በደንብ ይብላ፤ ነባሩም ለሁለት ተከታታይ ቀናት ሳጥኑን ቸል ይበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትንሽ ጋብ ሲል ይለቅና ወደ መነሻው ይመለሳል።

መልቀቂያው ማታ ነው። የገንዳው መብራት ማታ 2 ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ፣ ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳጥኑን ቀስ ብሎ ማጋደል። ከመልቀቅ ጥቂት ቀደም ብሎ ከድንጋዩ ሲሶውን ያህል ቦታ መቀየር ነባሩን የራሱን ድንበር ያስረሳዋል። ሁሉንም ድንጋይ ባንድ ቀን ማተራመስ ግን አይመከርም፤ ከሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ይነሳና ውሃውን ያበላሻል። በማግሥቱ መብራቱ ከወትሮው ዘግይቶ ይብራ፣ ከመብራቱም በፊት ምግብ ገንዳው ውስጥ ይኑር።

መስታወት ማሳየትስ ይሠራል? ይሠራል፣ ለጊዜው። ከገንዳው ውጭ በአንድ ጫፍ ላይ የፊት መስታወት ሲለጠፍ ነባሩ የራሱን ምስል እንደ ሌላ ታንግ ቆጥሮ እሱን ሲያስፈራራ ይውላል፤ አዲሱም በሌላው ጫፍ ፋታ ያገኛል። ለሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ቀን ቀን ብቻ ያድርጉት፤ ምግብ በሚሰጥበት ሰዓትና ማታ ይነሳ። ሳይነሳ የሰነበተ መስታወት ነባሩን ራሱን ያደክመዋል።

ምግቡ ጠቡን እንዴት ይቀንሳል?

ግጦሽ ከሁለት ቦታ ከመጣ፣ አንዱን ቦታ መጠበቅ ትርጉም ያጣል። ለታንግ ዋናው ምግብ የደረቀ የባሕር አልጌ፣ ኖሪ፣ ነው፤ ለሱሺ መጠቅለያ የሚሸጠው ራሱ ነው። ዘይት፣ ጨውና ቅመም የሌለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ለሁለት መካከለኛ ታንግ በቀን ግማሽ ቅጠል ያህል ከበቂ በላይ ነው፤ ግን ባንድ ቦታ አይሰጥም። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ቆራርጦ በመቆንጠጫ በገንዳው ተቃራኒ ጫፎች ማሰር፣ ጠዋትና ከሰዓት። ማታ የተረፈው ይውጣ፤ ካልወጣ ናይትሬት ይጨምራል። አንድ መቆንጠጫ ብቻ ማድረግ፣ በተለይ ከነባሩ ዋሻ ፊት ለፊት፣ የጠብ ሜዳ መክፈት ነው።

ኖሪ ሲጠፋ ቆስጣ ወይም ሰላጣ በፈላ ውሃ ለግማሽ ደቂቃ ነክሮ፣ አቀዝቅዞ መስጠት ይቻላል። ለጥቂት ቀን ያሰነብታል፤ ለወር አይሆንም። በባሕር አልጌ ውስጥ ያለው አዮዲንና የባሕር ቅባት በአትክልት ውስጥ የለም።

ጨውን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ፦ የወጥ ጨው፣ ከአፍዴራ የሚመጣውም ቢሆን፣ የባሕር ውሃ አይሠራም። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና የውሃውን ፒኤች የሚያረጋጋው ክፍል ይጎድለዋል። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀው ጨው በአርኦ (ማዕድንን ጭምር በሚያስቀር የውሃ ማጣሪያ) በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መጠን መለኪያ) 1.025 አካባቢ ይያዝ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድና ሌሎች ማዕድናት ስለሚበዙ ያልተጣራ ውሃ መጠቀም የማይገመት ነገር ውስጥ ያስገባል።

የሐዋሳ ከፍታ ምን አገናኘው?

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃም ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀቱ 26 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ላይ ቢበዛ በሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ሐዋሳ ላይ ይኸው ውሃ ከ5.4 አካባቢ አያልፍም። ታንግ ደግሞ ማዕበል የሚያናውጠው፣ ኦክስጅን የጠገበ ውሃ የለመደ ዓሣ ነው።

ሲባረር የሚውል ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል። ሌሊት አልጌውና ኮራሉም ኦክስጅን ስለሚስቡ የቀረችው መጠን የበለጠ ትወርዳለች። አዲሱ ታንግ ጠዋት ላይ ቁስል ሳይኖርበት ሞቶ ቢገኝ፣ ጠቡና የኦክስጅን እጥረቱ ተባብረው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ የውሃውን ገጽ ማናወጥ ነው። በፓምፖቹ ሁሉ በሰዓት የሚዞረው ውሃ የገንዳውን መጠን ሃያ እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለ400 ሊትር 8,000 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ቢያንስ አንዱ ፓምፕ ወደ ላይ ያነጣጥር። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ይያዝ፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ) ካለ ሌሊት አይጥፋ፤ ከማጣራቱ ሌላ አየር ያስገባል።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ የአየር ፓምፕ ከታንጉ በፊት ይገዛ። ረዘም ላለ ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር አንድ ባለ 20 ዋት ፓምፕን፣ የባትሪውን ግማሽ ብቻ ተጠቅሞ፣ 12 ሰዓት ገደማ ያሠራል። መብራት እስኪመለስ ምግብ አይሰጥ።

መታገስ ያለብኝ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለሁለት ሦስት ሰከንድ ማባረር፣ ክንፍ መግተር፣ ቀለም መቀየር፣ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ፣ እስከ ሳምንት ይታለፋል። ጎን ላይ የተሰነጠቀ ቁስል፣ የተቀደደ ክንፍ፣ ለሁለት ቀን ወደ ምግብ አለመቅረብ፣ በውሃው ገጽ ጥግ ይዞ በፍጥነት መተንፈስ፣ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጠብጣብ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን መለየት ያስፈልጋል።

የሚወጣው ማን ነው? የቆሰለው መታከም ካለበት እሱ ይውጣ። ጤነኛ ከሆነ ግን የሚወጣው ጠበኛው ነው። ተጠቂውን አውጥቶ መመለስ ነባሩን ይበልጥ ነባር ያደርገዋል። ጠበኛው በሌላ ገንዳ ከ7 እስከ 14 ቀን ሲቆይ አዲሱ ዋሻና መመገቢያ ይለያል፣ ይደላደላል። ከዚያ በመላመጃ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ጠበኛው ይሆናል። አንድ ሌሊት ብቻ አውጥቶ መመለስ ምንም አይለውጥም፤ ድንበሩን ገና አልረሳም።

ታንግን በመረብ ማሳደድ ድንጋዩን ሁሉ ከማፍረሱም ሌላ እሾሁ መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ ዓሣውንም እጅንም ያቆስላል። በገመድ የሚዘጋ በር ያለው ግልጽ ሳጥን ውስጥ ኖሪ ያስሩ፤ ለሁለት ሦስት ቀን በሩን ሳይዘጉ እዚያ ብቻ ይመግቡት፣ ገብቶ መውጣት ሲለምድ ገመዱን ይልቀቁ። ሲያወጡት ከነውሃው በፕላስቲክ ዕቃ ይቅዱት። እሾሁ እጅ ከቆረጠ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ሕክምና መሄድ ነው፤ የአኳሪየም ውሃ ባክቴሪያ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል።

ከሁለት ዙር በኋላም ጠቡ ካልበረደ ዓሦቹ አብረው አይኖሩም፤ አንዱ ሰፋ ያለ ገንዳ ላለው ሰው ይተላለፍ። ሐይቁ ውስጥ መልቀቅ ግን አይታሰብ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ የባሕር ዓሣ እዚያ ይሞታል፤ ይዞት የሚመጣው በሽታም ለሐይቁ ዓሦች ላይበጅ ይችላል።